የሉሊት የመጀመሪያ ሁዳዴ

ባሌ ሠርፀ በሕይወት አለና ዘንድሮ በሌላ ነገር ባማርር ግፍ ይሆንብኛል። እዚህ ጁባ የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም ባለቀ በሳምንቱ ታይፎይድ ጣለው። ነጭ ዓባይ ወደብ ላይ ከጀልባ ጭነት ሲያስወርድ የሚውለው ጉልበታም ሰውዬ፣ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት በሰው ትከሻ መሄድ ጀመረ። ጎረቤታችን ናዝራዊት ጴንጤ ናት፤ እሷ በራስጌው ቆማ በጩኸት ስትጸልይለት እኔ በግርጌው ጸበል እረጨው ነበር። የማናችን እንደተሰማ አላውቅም፤ ላውቅም አልፈልግም። ብቻ ተነሣልኝ። ተመስገን!

የቅበላ እሑድ ዶሮ ሠርቼ ሦስታችን ከበን ስንበላ፣ ሉሊት የትምህርት ቤቷን ወሬ አመጣች። ልጃችን ሰባት ዓመት ከሞላት ገና ወሯ ነው፤ የምትማረው ካቶሊኮች ዘንድ ነው።

«ሲስተር በጾሙ ምን እንደምትተዉ ከቤተሰብ ጋር ተማከሩና ንገሩኝ ብላናለች። እኛ ምን እንተዋለን?»

«ምን ምክር ያስፈልገዋል!» አልኳት። «ሥጋውም ወተቱም እንቁላሉም ይተዋል። በእኛ ቤት ጾም እንደ ሸቀጥ አይመረጥም።»

«እኔም?»

«ሰባት ሞላሽ አይደል? አንቺም።»

የጠየቀችው ይህንኑ ለመስማት ነበር። «መቼ ነው የምጾመው?» ስትለኝ ነው የከረመችው። ዘንድሮ እንደምትጾም ያልነገረችው ሰው በሰፈራችን በጉዴሌ የለም፤ ምግብ ቤቴ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ሰምቷል። ትልቅ ሰው ልትሆን ነዋ!

ችግሩ ከአባቷ ነው። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት እንዳያቋርጥ፣ ሆዱም ባዶውን እንዳይውል አጥብቆ አዞታል። ሠርፀ ግን «ከሞት አፋፍ ለመለሰኝ ጌታ ውለታውን የምከፍለው ጾሙን በመግደፍ ነው?» ብሎ ድርቅ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከእሱ ጋር ጉሮሮዬን ከማደርቅ ብዬ፣ እጁን ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ ውሃ ታንከሩ ወሰድኩትና አዲስ አበባ ለነፍስ አባታችን ለአባ ገብረየስ ደወልኩ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጉዳዩን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

አባ ገብረየስ ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ ሠርፀ፣ ከታይፎይድ የዳንከው በሽሮ ልትሞት ነው?» አሉት። «ፈትቼሃለሁ። የዘንድሮ ጾምህ መታዘዝ ነው። ብላ!»

«እሺ አባ» አለ አንገቱን ደፍቶ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ተመልሰን ማዕዱ ላይ ስንቀመጥ ግን ሌላ አመጣ። «ወርቅውሃ፣ እናንተ ስትጾሙ እኔ ጥግ ይዤ እንቁላል ልበላ? አይወርድልኝም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

ሞት የሚለውን ቃል ከአፉ ስሰማ ቱግ አልኩ። «ሁለተኛ በዚህ ቤት ይህን እንዳትጠራ!» ብዬ ጮኼ ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። ካልበላ መልሶ ይወድቃል፤ አሁን ከወደቀ ደግሞ የሚነሣልኝ አልመሰለኝም። አብሬው እንዳልበላ ጤነኛ ነኝ፤ እኔን ማን ይፈታኛል?

ሉሊት በእጇ ይዛው የነበረውን የዶሮ አጥንት ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እኔ አብሬው እበላለሁ» አለች።

«አንቺማ ጿሚ ነሽ» አላት አባቷ፣ ሊያስቃት።

«ተውኩት። ለሲስተርም የተውኩት ጾሙን ነው እላታለሁ። ኻላስ!»

ኻላስ ስትል የጁባ ገበያ ነጋዴ ነው የምትመስለው፤ ነገሩ አበቃ ማለቷ ነው። ወዲያው ግን ሮጣ ወጣችና ደጅ ሆና ስታለቅስ ሰማናት። ሠርፀ ሊያባብላት ብድግ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ተዋት» አልኩት። «የሰጠችህን ተቀበላት።»

እሱም ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከደስታዬ ብዛት የማደርገው ጠፍቶኝ ሳህን አነሣሣ ጀመር። ባል ተርፎልኛል፤ እንዲህ ያለች ልጅም አለችኝ። ሌላ ምን እለምናለሁ?

ሰኞ ጠዋት የተቀቀለ እንቁላልና ወተት ለሁለቱ አቀረብኩ። ሉሊት «እማዬ፣ አንቺ አትይን፤ ያምርሻል» ብላ ፊቴን አዞረችኝ። እኔም እሺ ብዬ ዞርኩ፤ በመስተዋቱ ግን አያቸው ነበር። ሠርፀ እንደ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ይውጣል። እሷ ገና የእንቁላሏን ቅርፊት እየላጠች ነው።

«አባዬ፣ ቀስ በል» አለችው። «ቀድመኸኝ ከጨረስክ እኮ ብቻዬን ልበላ ነው።»

ሠርፀ ወደ አፉ ያስጠጋውን እንቁላል መልሶ አስቀመጠና ጠበቃት።