እስከ ሰባተኛው በር

“እንቁላሉ ያለበትን ለቄሱ አስቀሪላቸው፤ ሌላውን አውጪው” አለች ፊሎሚና፣ ሳንድዊች የተደረደረበትን ሳህን ወደ ኖሪን እየገፋች።

ኖሪን ሳህኑን አነሳች፤ እግሯ ግን አልተነሳም። በኮሪደሩ በኩል የወይዘሮ ዴቨኒ ሹክሹክታ ይሰማ ነበር። የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ ከሌላ ሰው ጩኸት አይተናነስም።

“ይቺ ከቤት መውጣት አልችልም ብላ የመንግሥት ድጎማ የምትበላዋ አይደለችም እንዴ? ይኸው ሰው ቤት ገብታ ዳቦ ትቆርጣለች! ነገ ደግሞ ሬሳ ልትከተል ይሆናል። ጉድ በል ስትራባን!”

“ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች” አለች አብራቸው የቆመችው ሴት።

“ብትሰማስ? ውሸት ነው?”

ፊሎሚና በንዴት ማንኪያ ወረወረች። የሟቹ ታናሽ እህት ናት፤ ከሁለት ቀን ወዲህ ዓይኗ አልተከደነም። ወንድሟ ማላኪ ዶኸርቲ እፊት ለፊቱ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ክፍት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። የስትራባን ከተማ ሰው ሬሳውን ለብቻው አይተወውም፤ እስኪቀበር ድረስ አንድ ሰው ከጎኑ ይቀመጣል፤ ሌላው ሻይ ይጠጣል፤ ሟቹንም ያማል፣ ያመሰግናል። ማላኪ አርባ ዓመት ሙሉ ፖስታ ሲያድል ኖሯልና የሚያመሰግነው ሰው አልጠፋም።

ኖሪን ወደዚህ ቤት የገባችው በመንገድ በኩል አይደለም። ጎን ለጎን ያሉትን ጓሮዎቻቸውን የሚለየውን ግንብ ማላኪ ከአራት ዓመት በፊት በመዶሻ ሸንቁሮ መተላለፊያ አውጥቶላት ነበር። “ጎረቤት ለስኳር ብሎ በመንገድ አይዞርም” ብሎ ለሁሉም አወራ። እውነቱን ግን ሁለቱም ያውቁታል። ኖሪን የመንገዱን በር ስትከፍት ልቧ ጉሮሮዋ ውስጥ ይገባል፤ እጇ ይደነዝዛል፤ ዓለም ሁሉ የሚደፋባት ይመስላታል። መጀመሪያ ሱቅ ቀረ፣ ቀጥሎ ሥራ፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን። በሠላሳ አራት ዓመቷ ዓለሟ አራት ክፍልና አንድ ጓሮ ሆኖ ቀረ።

ድጎማውን በመጀመሪያ ስትጠይቅ ሁሉንም ነገር ያበላሸችው እሷው ራሷ ነበረች። የድጎማ ቢሮዋ መርማሪ በስልክ ደወለችና ገና ከመጀመሪያው “እንዴት ነሽ?” አለቻት።

“ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!”

“ሱቅ ትሄጃለሽ?”

“እንደምንም፤ ማን የማይሄድ አለ?”

ምን ታድርግ! እዚያ አገር እግሩ ተቆርጦ የተኛ ሰው እንኳ “እንዴት ነህ?” ሲሉት “ደህና ነኝ፣ ከእኔ የባሰ አለ” ነው የሚለው። ማማረር ነውር ነው። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ አመልካቿ ደህና መሆኗን በራሷ አንደበት ስለገለጸች አይገባትም ይላል። ማላኪ የኖሪን ወጥ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

“መቼ ነው ሱቅ የሄድሽው?”

“የዛሬ ሦስት ዓመት።”

“ታዲያ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ ያልሻት?”

“ምን ልበላት? ለማላውቃት ሴት በስልክ ላልቅስላት?”

“አዎ!” ብሎ ጠረጴዛውን መታው፤ ሻዩ ተደፋ። “አልቅሺ! ጠይቀውሽ የለም እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ‘ደህና ነኝ’ የሚል ሰው ሻይ አያገኝም።”

ይግባኙን በፖስተኛ ትልልቅ ፊደል እሱ ጻፈው። ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው፤ ኖሪን አንድ እውነት ተናግራ ሦስት ቀን ታፍር ነበርና። ከደብዳቤው ወራት ቀደም ብሎ ግን ደህና በሆነችበት ጠዋት ክንዷን ይዞ ያወጣት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት የግቢ በር፣ ሌላ ቀን እስከ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ በወራት ሰባተኛው ላይ ደረሱ፤ አረንጓዴው በር ላይ። እዚያ ሲደርሱ ማላኪ በጣቱ አንጓ በሩን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርግና “ደረሰ!” ይላል፤ ደብዳቤ ሲያደርስ እንደኖረው። ከዚያ ይመለሳሉ። እሷም ሁለት ቀን ትተኛለች።

“ይሄን እንዳትጽፈው” አለችው። “ሰባት በር መሄዴን ካወቁ አለቀልኝ።”

“እንጽፈዋለን። ሲያንስም እውነቱን፣ ሲበዛም እውነቱን።”

ችሎቱ ሁሉንም ሰምቶ ፈረደላት። ድጎማው ቤቷን አሞቀላት፤ ቤት ድረስ የምትመጣ ሐኪምም አስገኘላት። እሷ ግን ማታ ማታ ስትጸልይ ቀድማ የምታመሰግነው ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው ስላመናት።

አሁን ሳህኑን ይዛ ኮሪደሩ ውስጥ ብቅ አለች። ወይዘሮ ዴቨኒ ፈጠን ብለው ፊታቸውን አበሩ።

“እንዴት ነሽ፣ የኔ ልጅ?”

“ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይብሉ እንጂ።”

ምላሷን በነከሰችው! እፊት ለፊቱ ክፍል የተኛው ሰውዬ ቢሰማ ኖሮ ሣጥኑን ይመታው ነበር። ገብታ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ፊሎሚናም ተከትላት ገባች።

“ነገ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ተሸካሚዎች አንዷ አንቺ ነሽ” አለቻት ፊሎሚና። “ማላኪ ሳይሞት በአፉ ነው የነገረኝ።”

“አልችልም፣ ፊሎሚና። መውደቁ ሳያንስ አገሩ ሁሉ ያየኛል። ነገ አንዱ ‘በእግሯ ስትሄድ አይቻታለሁ’ ብሎ ቢጠቁምብኝስ? እንደገና ከዜሮ?”

ፊሎሚና ብድግ አለች። ከመሳቢያው አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። የይግባኙ ግልባጭ ነበር፤ አንድ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። “ደህና በሆነችበት ቀን፣ ከምታምነው ሰው ጋር ብቻ፣ እስከ ሰባተኛው በር ትሄዳለች።”

“እንግዲህ ተጽፏል” አለች ፊሎሚና። “የተደበቀ ነገር የለም። ነገ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?”

ኖሪን ማላኪን አየችው። የፖስታ ቤቱን ክራባት አድርገውለታል። ዕንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ቀና አለች።

“መሄዱንስ ከእሱ ጋር ነው። ስመለስስ?”

ፊሎሚና ወረቀቱን አጣጥፋ እጇ ውስጥ አስጨበጠቻት።

በማግስቱ ጠዋት እያካፋ ሣጥኑ ወጣ። ኖሪን በመንገዱ በር በኩል ወጥታ ከፊት በግራ በኩል ትከሻዋን ሰጠች። ዓለም እንደተለመደው ሊደፋባት መጣ። እንጨቱ ግን ጉንጯ ላይ ነበር፣ ከባድና ቀዝቃዛ፤ ወደ እሱ ጠጋ አለች። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው በር ላይ ተንገዳገደች፤ ከጎኗ ያለው ሰው ወገቧን ያዛት። አራት። አምስት። በየበሩ የቆመው ሰው ሲያማትብ አየች፤ ማንም ስለ ድጎማ ሲያወራ አልሰማችም። ስድስት።

አረንጓዴው በር ላይ የቀብር አስፈጻሚው እጁን አነሳ። “ተሸካሚ ይቀየር!” ፊሎሚና እዚያው እንዲቆም ነግራው ነበር።

ኖሪን ከትከሻዋ አውርዳ ለሌላ ሰው ከመልቀቋ በፊት በጣቷ አንጓ እንጨቱን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አደረገች።

“ደረሰ” አለች። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ማላኪ።”

ሕዝቡ ነጎደ። ሣጥኑ በማዕዘኑ ዞረ፣ ደወሉ ተሰማ፣ መንገዱም ባዶ ሆነ። ኖሪን አረንጓዴውን በር ተደግፋ ቀረች። ቤቷ ሰባት በር ይርቃል፤ እጇ መደንዘዝ ጀምሯል።

ከሰልፉ ጅራት አንዲት አሮጊት ተመልሰው መጡ፤ ወይዘሮ ዴቨኒ። ሰውነቷን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ በሩን የሙጥኝ ያለ እጇን፣ የነጣ ከንፈሯን።

“እንዴት ነሽ?” አሉ። ድምፃቸው በዚህኛው ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር።

የተለመደው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ኖሪን ዋጠችው።

“ደህና አይደለሁም፣ ወይዘሮ ዴቨኒ። ብቻዬን መመለስ አልችልም።”

ወይዘሮ ዴቨኒ ከቀብር ቀርተው አያውቁም። ወደሚጠራው ደወል አንዴ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ጃንጥላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ ክንዳቸውን ሰጧት።