የሳይረስ ቶሊቨር ስም በመዝገብ ላይ

ቆጣሪው በአጥሩ በኩል ብቅ ሲል ኬዛያ ቶሊቨር ከጎረቤቷ ከዶርካስ ጋር አንሶላ እየጨመቀች ነበር። ጥቁር ኮት የለበሰ ቀጭን ነጭ ወጣት ከፈረሱ ወረደና ከኮርቻው ላይ ትልቅ መዝገብ ፈታ። ማን ነህ ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም። መንግሥት በየአሥር ዓመቱ ሰዉን ይቆጥራል፤ 1830 ደግሞ የቆጠራ ዓመት ነበር፤ ወሩም ጁላይ።

ይህን ቀን አጥብቆ ሲጠብቅ የነበረው ባሏ ሳይረስ ነው። "ኦሃዮ ላይ ቆጣሪ ሲመጣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ አንቺ ከኋላዬ ቁሚ" ይላት ነበር። ስሙ በቤቱ አባወራነት እንዲጻፍለት ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ከመንግሥት ሌላ ነገር ጠይቆ አያውቅም። ምን ያደርጋል፣ በሜይ ሃያ ስምንት፣ ዓርብ ቀን፣ ሳል ወሰደው። ገላውን ያጠበችው ዶርካስ ናት።

ወጣቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ብዕሩን ሲቀርጽ የኬዛያ ልብ የድሮ ከተማዋ ፒተርስበርግ ገባ።

ባሪያ የሚሸጥበትን ከተማ መናፈቅ ያሳፍራል። ኬዛያም ታፍራለች፤ ግን ትናፍቃለች። እሷ ቨርጂኒያ ውስጥ ነጻ ሆና የተወለደች ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ሳይረስ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ባሪያ፣ ትምባሆ በጀልባ የሚያወርድ። አፖማቶክስ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ ስታጥብ የቆርቆሮ ጥሩንባው ከሩቅ ይሰማታል። የሌሎቹም ጀልበኞች ጥሩንባ ያው ጥሩንባ ነው፤ የሱን ግን ትለየዋለች፤ መጨረሻው ላይ ሆን ብሎ ያበላሸዋላ! ከዚያ የእርጥብ ትምባሆና የወንዝ ጭቃ ሽታ ይመጣል። ኦሃዮ ውስጥ እንደዚያ የሚሸት ጠዋት የለም። ብዙ ጊዜ ፈልጋ አጥታዋለች።

ዘጠኝ ዓመት አጥባ ከነጋዴው ገዛችው። ነጻ ልታወጣው አልቻለችም፤ በቨርጂኒያ ሕግ ነጻ የወጣ ሰው በዓመቱ አገሩን ለቆ መሄድ አለበት፣ ከቆየ ይዘው ይሸጡታል። ስለዚህ የሽያጩ ወረቀት በሳጥን ተቆለፈበት፤ ሳይረስም በወረቀት የሚስቱ ባሪያ ሆኖ ቀረ። እሱ ነገሩን መሳቂያ አደረገው።

"እመቤቴ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ጋደም ልበል?"

"አንተ ሰነፍ፣ መጀመሪያ እንጨቱን ፍለጥ!"

"እምቢ ካልኩ ልትሸጪኝ ነው?"

"ማን ይገዛሃል? በነጻ ብሰጥህም ይመልሱሃል።"

ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ይስቁ ነበር። ዕድሜዋ ሁሉ ከነዚያ ምሽቶች አንዱ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት!

በ1820 ራግስዴል የሚባል ወፍራም ቆጣሪ መጣ። ሳይረስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይጠግናል።

"አንቺ ነጻ ነሽ?" አላት ሰውየው።

"ነጻ ነኝ ጌታው። ወረቀቴ ይኸው።"

"ሰውየውስ?"

ነጻ ነው ብትል ዝርዝሩ አደባባይ ላይ ይለጠፋል፤ መቼ ነጻ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ አይጠፋም። ሳይረስ ቀና ብሎ አያት። አንድም ቀን ቢሆን ከቀልድ ውጪ ያንን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

"ባሪያ ነው" አለች።

"የማን?"

"የኔ።"

ራግስዴል አንድ ቁጥር ጻፈ።

"ስሜን አይጽፉትም?" አለ ሳይረስ።

"የባሪያ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ያውም ለምክር ቤት ወንበር ሲደመር አምስታችሁ እንደ ሦስት ሰው ናችሁ። ትላልቆቹ ሰዎች ሕገ መንግሥቱን ሲጽፉ ፊላደልፊያ ላይ አራት ወር ሙሉ ተጨቃጭቀውበታል። የሰሜኖቹ 'ባሪያ ጭራሽ አይቆጠር' አሉ። የኛዎቹ 'የለም፣ እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠርልን፣ ወንበራችን ይብዛ' አሉ። በኋላ መሃል ላይ ተገናኙ።"

ሳይረስ ጫማውን አስቀመጠ። "ቆይ ጌታው፣ ሙሉ ሰው ነህ የሚሉኝ የሚሸጡኝ ናቸው፣ የሚያዝኑልኝ ደግሞ አትቆጠርም ይላሉ ማለት ነው?"

"ማለት ነው።"

"ወይ ጉድ! ታዲያ የቀረው ገላዬ የቱ ጋ ይሆን? ወገቤ ከሆነ እኮ ነገ ጀልባ አልገፋም!"

ራግስዴል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኬዛያ አልሳቀችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳይረስ "እመቤቴ" ማለት ተወ። አልተቆጣም፣ ቤቱን አልረሳም። እራቱን በልቶ "አመሰግናለሁ" ይላታል። ስንት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ለእራት መመሰጋገን ሲጀምሩ ደግ አይደለም። ኬዛያ ሁለት ክረምት ቻለችው። በሦስተኛው ሳጥኑን ከፍታ ፍርድ ቤት ሄደች፣ የነጻነት ወረቀቱን አስጻፈችለት፣ የእናቷን መቃብርና ወንዟን ተሰናብታ አብራው ወጣች። የኦሃዮን ወንዝ ሲሻገሩ ሳይረስ ለራሱ ቶሊቨር የሚል የአባት ስም አወጣ። ውኃው መሃል ሲደርሱ ዞር ብሎ "እመቤቴ፣ አሁንስ ማን ይሸጠኛል?" አላት። እዚያው ጀልባው ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

"የአባወራው ስም?" አለ ወጣቱ ቆጣሪ።

"ሳይረስ ቶሊቨር" አለች፤ ከአፏ አመለጣት።

ወጣቱ ብዕሩን ቀለም ነከረና ዙሪያውን ቃኘ። "የታለ እሱ?"

"ሞቷል።"

ብዕሩ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አክስቴ። እንግዲህ የእርስዎን ስም ነው የምጽፈው።" ትንሽ አሰበና ጠየቃት፤ "መቼ ነው ያረፈው? ሕጉ ጁን አንድ ቀን በሕይወት የነበረውን ሁሉ ጻፉ ይላል። ከዚያ ወዲህ የሞተ ሰው ይጻፋል፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ግን አይሆንም።"

አራት ቀን! ያን ሁሉ ዓመት ጠብቆ በአራት ቀን መቅረቱ ነው። 

"በጁን ነው" አለች። "በጁን፣ ወሩ ከተጋመሰ በኋላ።"

ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ወጣቱም ሰማው፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ ዶርካስን አየ።

"የሐሰት ቃል ያስቀጣል፣ አክስቴ፤ እኔም ምዬ ነው የያዝኩት። እርስዎ ጎረቤቷ ነዎት አይደል? እውነት ነው የምትለው?"

ኬዛያ ዓይኗን ጨፈነች። ዶርካስን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ገበያ ላይ ዶሮ ስትሸጥ "አርጅታለች፣ ሥጋዋ አይበስልም" ብላ ገዥ የምታባርር ሴት ናት። ሰባኪውን እንኳ ስብከቱ ላይ ትንሽ አጋነነ ብላ በጉባኤ ፊት አርማዋለች። በዕድሜዋ አንድ ውሸት ተናግራ እንደሆነ የሰማ የለም።

"ጁን አንድ?" አለች ዶርካስ፣ አንሶላውን ሳትለቅ። "ማክሰኞ ነበር። እዚያ ባቄላው ውስጥ ቆሞ ሲኮተኩት አይቼዋለሁ። እንዲያውም ቀና ብሎ ሰድቦኛል።"

"ምን ብሎ?" አለ ወጣቱ ፈገግ ብሎ።

"'አንቺ፣ ጸሎትሽ ሲያልቅ መኮትኮቻ ይዘሽ ነይ' አለኝ። ባለጌ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።"

ወጣቱ ወደ ባቄላው ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ መዝገቡን ወደ ኬዛያ አዞረላት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ቀለሙ ሲደርቅ አየች።

"ሳይረስ ቶሊቨር ይላል" አላት። "የእርስዎ ስም አይገባም፤ የሚጻፈው የአባወራው ብቻ ነው። እርስዎ እዚህ ጋ ቁጥር ነዎት፣ 'ከሃምሳ አምስት እስከ መቶ ዓመት' በሚለው ውስጥ።"

"እኔ ቁጥር ልሁን፣ ግድ የለም። እሱ ግን ስንት ተብሎ ነው የተያዘው?"

"እንዴት ስንት?"

"ከአንድ ሰው ስንት እጁ?"

ወጣቱ ግራ ገባው። "አንድ ነው እንጂ አክስቴ። አንድ ሰው።"

ኬዛያ በቀብሩ ቀን እንኳ ያልወጣላት ዕንባ በረንዳው ላይ ወረደ። ወጣቱ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳና ፈረሱን እየሳበ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ዶርካስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። 

"ዶርካስ..." አለች ኬዛያ።

"ዝም በይ፣ አታመስግኚኝ። እሑድ በጉባኤ ፊት ቆሜ ንስሐ እገባለሁ።" ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። "እስከ እሑድ ግን ደስ ብሎኝ ልቆይበት።"