መውጫ የሌለው የቀርከሃ ቤት

አባዬ በሞተ ሰሞን ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ስለሱ አንድ ነገር ያወራ ነበር። «ደባልቄ እኮ ለእንግዳ እንቢ ብሎ አያውቅም!» ይላሉ። እኔና እህቴ ሰብለወንጌል እያለቀስን እንተያያለን። አንድ ቀን ብሏል። ያን ቀን እኛ እዚያው ነበርን።

ያኔ ልጆች ነን፤ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ ሰው «ክልል ስድስት» እያለ ይጠራው ነበር። አሶሳ በየሳምንቱ አዲስ ሠራተኛ ይመጣባታል፤ የሚከራይ ቤት ግን የለም። አባዬ የመንግሥት ቢሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ስለሚሠራ ከጎጃም የተመደበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። «ቤት እስክታገኝ እኔ ጋ ሁን» ይለዋል። ይህ «እስክታገኝ» ሁለት ወርም ሦስት ወርም ይሆናል። እኔና ሰብሌ ከአልጋ ወደ መደብ፣ ከመደብ ወደ ወለል ወረድን። የጨርቅ አሻንጉሊታችንን አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ሳያይ ሻንጣውን ጭኖባት ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈልገናታል።

ሚያዝያ ላይ ሒሳብ ሠራተኛው ቤት አገኘና ወጣ። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ጥግ ባዶ ሆነ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሰብሌ ስድስቷ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄን ጥግ ለኛ ስጠን» አልኩት።

ጥጉን አየው፤ እኛን አየን። «መስጠት ብቻ? ቤት እሠራላችኋለሁ! ትልቅ ሰው የማይገባበት።»

እናቴ የሻረግ ከጓዳ ሆና «ታረቀኝ የሚባለው ልጅ ቅዳሜ ይመጣል አላልክም?» አለች።

«እስከ ቅዳሜ እንጨርሳለን።»

እንግዳው ቀድሞን ከደረሰ ጥጉ የሱ ነው። ይህን ማንም ሳይነግረን አወቅን። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ እኔና ሰብሌ መቀመጥ አልቻልንም።

ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤታችን ሱለይማን አንድ ሸክም ቀርከሃ አመጣ። ሱለይማን የአገሬው የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ስብርብር ቢልም በቀርከሃ አጥር፣ ጎተራ፣ አልጋ፣ የማይሠራው የለም። ቀርከሃውን እንደ ወረቀት እየሰነጠቀ አሳየን። ዋናዎቹን ወፍራም ቀርከሃዎች ወለሉ ላይ ተከለ፤ ጫፋቸውን አጉብጦ ከላይ አሰራቸው። ከዚያ ስንጣሪውን አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ እያሳለፈ ጥቂት ዙር ሸመነ። አባዬ ወዲያው «ገባኝ! ገባኝ! ከዚህ በኋላ ለኔ ተወው» አለ። በር መተው እንዳለበት ሱለይማን አልነገረውም። ለሱ ይህ የሚነገር ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሸሚዙን አውልቆ ውስጡ ተቀመጠ። ጥጉ በሁለት በኩል ግድግዳ ስለሆነ ዞሮ መሸመን የሚቻለው ከውስጥ ብቻ ነበር። እኔ ስንጣሪውን አቀብላለሁ፤ ሰብሌ ለምንጣፍ የሚሆን የማዳበሪያ ጆንያ ታራግፋለች። «ቶሎ! አቀብይኝ! ሌላ!» እያለ ያፏጫል። ሽመናው ከጉልበቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ አንገቱ ወጣ። በኋላ የሚታየን ዓይኑ ብቻ ሆነ። ከዚያ ዓይኑም ጠፋ።

«አለቀ!» አለ ከውስጥ።

ጨፈርን። ሰብሌ ግን ድንገት ቆም አለችና «አባዬ፣ በየት ነው የምትወጣው?» አለች።

ቀርከሃው ወዲህ ወዲያ ተነቃነቀ።

«ሰብሌ፣ ሩጪ፣ ሱለይማንን ጥሪልኝ።»

እሷ በጓሮ ስትወጣ የፊት በሩ ተንኳኳ። ማታ በአውቶቡስ ይመጣል ያልነው ታረቀኝ በአይሱዙ ተሳፍሮ ኖሮ በቀትር ከች አለ፤ ትልቅ ሻንጣ ይዟል።

«ጋሽ ደባልቄ አሉ?»

እናቴ ወደ ጥጉ አየች። ምን ትበል?

«አለሁ፣ አለሁ! እንኳን ደህና መጣህ! መንገዱ እንዴት ነበር?» አለ ቀርከሃው። ታረቀኝ ባርኔጣውን አውልቆ ግራ ቀኝ ፈለገ።

ሱለይማን ቢላውን ይዞ ደረሰ። ሲያይ ወገቡን ይዞ ሳቀ። «ደባልቄ! አንተ ሰው ነህ ዶሮ? ቅርጫት ደፍተህ ተቀመጥ!»

«ሳቅህን ተውና ቁረጥልኝ!»

«የኔ ሥራ አይደለም። ባለቤት ይናገራል። እናንተ ልጅ፣ በሩ የት ይሆናል? ንገር።»

በመስኮቱ በኩል አልነው። ቆረጠ። አባዬ ፀጉሩ ስንጣሪ ብቻ ሆኖ በእጁ እየዳኸ ወጣ። ታረቀኝ ጎንበስ ብሎ ውስጡን ተመለከተ፤ ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ ለኔ ብለው ነው ይሄን ሁሉ የደከሙት? ምን ብዬ ላመስግንዎት!» አለና ሻንጣውን በራችን ላይ አስቀመጠ።

አባዬን አየሁት። እናቴ መሬት መሬት አየች። አባዬ ላቡን በክንዱ ጠረገ። እንዲህ ላመሰገነው እንግዳ ምን ይመልሳል?

«አይ ታረቀኝ» አለ። «ይሄ የልጆቼ ነው። እዚህ አታድርም።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አንተ የኔ አልጋ ላይ ትተኛለህ» አለ፤ «እኔ መደቡ ይበቃኛል። ይሄን ግን እንቢ።»

ሰብሌ እጄን ጎተተችኝ። በሻንጣው ጎን ተሽሎክልከን ገባን። ውስጡ እርጥብ ቀርከሃ ይሸታል፤ ብርሃኑ በሽመናው እየገባ እጃችን ላይ ነጥብ ነጥብ ይሠራል። በቀዳዳው የሚታየን የአባዬ ባዶ እግርና የታረቀኝ አቧራ የለበሰ ጫማ ብቻ ነበር። የአባዬ እግር በራችን ላይ ተተክሎ አልነቃነቅ አለ። ጫማው ግን ትንሽ ወደ ኋላ አለ፤ ሻንጣው ከመሬት ተነሳ። ያኔ ሰብሌ በደስታ ጮኸች፤ እኔም አፏን ልይዝ ብዬ አብሬያት ጮህኩ።