ክዳን የሌላት ኮምፒውተር

«እማ፣ ሆን ብሎ ነው አይደል?» ብሎ ልጄ ጠየቀኝ። አባቱ እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ያን ጊዜ መልሱን አላውቅም ነበር።

ኮምፒውተሯን ወደ ቤት ያመጣኋት እኔ ነኝ። የማጸዳበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲያወጣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ «ለልጅሽ ትሆናለች፣ ውሰጃት» አለኝ። የጫማ ካርቶን የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት። በፎጣ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ መጣሁ።

ልጄ ትምህርቱን ከጨረሰ ወዲህ ሥራ አጥቶ፣ እግሩ ቤት ውስጥ ሆኖ ልቡ ውጭ ነበር። ጓደኛው ሽቦ በዚያ ሰሞን ድንበር ሊሻገር ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ሽቦ ያሉት በቅጥነቱ ነው። በዚያ መንገድ የሄዱትን ደግሞ አውቃለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ከሄደ ወዲህ ድምፁ የለም፤ እናቱ የማንም ስልክ ይጩህ ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። ልጄን ቤት የሚያስቀርልኝ ከሆነ ኮምፒውተር ቀርቶ ድንጋይም ተሸክሜ አመጣ ነበር።

ሳጥኗን ከፍቶ ውስጧን ሲያይ ፊቱ ፈካ። «እማ፣ ይቺ እኮ ገና አልሞተችም።» ያሰበውንም ነገረኝ። ያሻሽላትና በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍላችን የጨዋታ ቤት ይከፍታል፤ የሰፈሩ ልጆች እየከፈሉ ይጫወታሉ። «እንዲያ ከሆነልኝ የትም አልሄድም» አለ። ያቺን ቃሉን ያዝኩና አልለቅም አልኩ።

አባቱ ግን አልወደደውም። የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነው። ሲናገር ራሱ ብረት የሚቀጠቅጥ ይመስላል። «ጎረምሳ ተጎልቶ ሲጫወት የሚበላው የት ሀገር ነው? አንድ ቀን በመዶሻ ነው የምፈረካክሳት!» ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን በንዴት ነው እል ነበር። እሱ ግን ከሥራ በገባ ቁጥር ይህንኑ ይደግመዋል። በኋላ በኋላማ አባትና ልጅ በእኔ በኩል ካልሆነ መነጋገር አቆሙ። «ውኃ ያቀብለኝ በይው»፣ «በቃኝ በይው» እየተባባሉ።

ልጄ በመጀመሪያ የሚያንኳኳውን አሮጌ ዲስክ አውጥቶ ድምፅ የሌለው አዲስ ዓይነት አስገባ። ቀጥሎ ራም የሚሏትን ቀጭን ሰሌዳ ጨመረ። እሷ እንኳ እንደ ብስኩት ቀጭ ብላ ነው የገባችው። ከዚያ «አሁን ካርድ ብቻ ነው የቀረኝ» አለኝ።

«ካርድ ከሆነማ ምን ችግር አለው፤ ከሱቅ ገዝቼልህ እመጣለሁ። ትልቁን ነው ትንሹን?»

ወንበሩን ይዞ ሳቀ። ልጄ ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቶ ነበርና ለምን እንደሚስቅ ሳይገባኝ አብሬው ሳቅሁ። «የስልክ ካርድ አይደለም እኮ፣ እማ! ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰው ካርድ ነው።»

ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ አብሬው ሄድኩ። ጠጋኙ ሳጥኗን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «እናት፣ ይቺ ድንክ ናት» አለኝ። «ካርዱም ድንክ መሆን አለበት። መብራቱንም ከራሷ ሰሌዳ የሚወስድ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከጎተተ ትንፋሿ ያጥራል።» በመብራቱ በኩል የሚስማማ አገላብጦ አገኘ፣ ግን ቁመቱ ለትልቅ ሳጥን የሚሆን ነው። ጫፉ ላይ ከሳጥኑ ጀርባ ጋር የሚታሰር የብረት ምላስ አለው፤ ያ ምላስ ከሳጥኗ ይበልጣል።

ልጄ ቤት ወስዶ ምላሱን ፈታው። ካርዱ ግን ያለ ምላሱም ከሳጥኗ አፍ ከፍ ብሎ ወጣ። ክዳኗ አልገጥም አለ። ካርዱ እንዳያዘነብል በልብስ መቆንጠጫ ደግፎ፣ ክዳኗን አልጋ ሥር ወርውሮ፣ እንዲያው እንደተከፈተች አስነሳት። ማራገቢያዋ ጉር አለች። ስክሪኑ ላይ መኪናዎች መክነፍ ጀመሩ።

«ስልሳ ገባ! እማ፣ ስልሳ!»

«ስልሳ ምን?»

«በሰከንድ ስልሳ ሥዕል። ዓይንሽ እንኳ ሳያውቀው ነው የሚያልፈው።»

«ዓይኔ ካላወቀው ታዲያ ምን ሊያደርግልኝ ነው?»

ሽቦ ከኋላው ቆሞ «እማማን ነው ማጫወት!» አለ። ያን ቀን ቤታችን ሰው የተሰበሰበበት ቤት መሰለ።

ልጄ በር ላይ የሚለጠፈውን እኔ እንድጽፍ ፈለገ። ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ ስለነበር ነው። ካርቶን ላይ በቀለም እያማጥኩ ጻፍኩ፤ ጨን ግን ጠ አድርጌዋለሁ። ሽቦ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ጠዋታ ቤት። እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው እንዴ የሚከፈተው?» ልጄ ብሩሹን ተቀብሎ አስተካከለልኝና ለጓደኛው «አንተም ቅር። አብረን እንሠራለን» አለው። ሽቦ አንገቱን ደፋ። «እኔማ ቃል ገብቻለሁ፤ ሰዎቹ በዚህ ሳምንት ከመኪና መናኸሪያው ይጭኑኛል።»

በዚያው ምሽት ባለቤቴ እጁን ሲታጠብ ውኃ እያፈሰስኩለት ተናገርኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ኮምፒውተሯ ከሠራች አልሄድም ብሏል። ሠርታለች። ከእንግዲህ መዶሻ የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ።»

እጁን እየጠረገ ወደ ክፍሏ ገባና ኮምፒውተሯን ጎንበስ ብሎ አያት። «ሆዷ ተዘርግፎ!» አለ። «ክዳን የሌለው ዕቃ ዕቃ ነው? ልጆች ጣታቸውን ቢከቱባትስ?» እኔ እንደ ልማዱ መናቁ መሰለኝ።

በማግስቱ እኔ ሥራ ሄድኩ። ልጄና ሽቦ አግዳሚ ወንበር ሊዋሱ ወጡ። ስመለስ ልጄ በባዶው ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ ታሰረ ውሻ ይዞራል። «ማን ወሰዳት? እማ፣ ዕቃዬን ማን ወሰደው?» አፉን ሳይዘጋ አባቱ በትከሻው ተሸክሟት ገባ። ክዳኗ ተገጥሟል። ካርዱ ብቅ በሚልበት በኩል ክዳኑም የጀርባው ብረትም ልክ ልኩን ተቆርጧል፤ ጠርዙ ሳይቀር እጅ እንዳይቆርጥ በሞረድ ለስልሷል። ስንት ጊዜ አኩርፎ የኖረ ሰው ለልጁ በቀጥታ ተናገረ።

«እስቲ እያት። ክፍተቷ ፀጉር ታስገባለች?»

ልጄ ገመዷን ሰካና ቁልፏን ተጫነ። ማራገቢያዋ አንዴ ዞረች። ከውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም።

ክዳኑን ፈትቶ በስልኩ ባትሪ ውስጧን አበራ። ጣቱን በሰሌዳው ላይ አስኬደና አነሳው። ጫፉ ላይ አመድ የመሰለ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ነበር።

«የብረት ብናኝ ነው ያቃጠላት» አለ። «ሁሉ ነገሯ እዚህ ውስጥ እያለ ነው በግራይንደር የቆረጥከው?»

«ታዲያ የት ላድርገው? አውጣው ብለኸኝ ነበር?»

«አታወጣውማ። ሆን ብለህ ነዋ! እፈረካክሳታለሁ አላልክም? በመዶሻ ያላደረግከው እንዳይታወቅብህ ነው።»

ባለቤቴ አጠፋም አላጠፋም ሲከሰስ አፉ ይታሰራል፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ግድግዳውን ተደገፈና «የፈለግከውን በል» አለ። ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ነው የጠየቀኝ። እኔ ስንት ጊዜ መዶሻ ሲል የሰማሁ ነኝ። ሲቆርጣት አላየሁም። የባለቤቴን ፊት አየሁት፤ ከፊቱ ምንም ማንበብ አቃተኝ። ልጄ መልሴን ቆሞ ሲጠብቅ ቆየና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። እንዳልከተለው ባለቤቴ «ተይው፣ ይቀዝቅዝለት» አለኝ።

አድሮም አልመጣ። ረፋዱ ላይ ወደ ባለቤቴ ሥራ ቦታ ሄድኩ፤ አፉን ከፍቶ እንዲነግረኝ ፈልጌ ነው። እሱ አልነበረም፤ ለካ እሱም ልጁን ፍለጋ ወጥቷል። ከጎኑ የሚሠራው አናጢ ግን ሁሉንም አይቶ ነበር።

«እንዴት ሆነች የልጁ ኮምፒውተር?» አለኝ። «ባልሽ ትናንት ሥራውን ሁሉ አቁሞ በሷ ነው የዋለው። ልጄን ላስደስት ብዬ ነው አለኝ። ኮቱን አውልቆ ውስጧን ሸፈነው፤ ቀዳዳዋን በጨርቅ ጠቀጠቀው። ቆርጦ ሲጨርስ ደግሞ ጉንጩ እስኪያብጥ እፍ እፍ ሲልባት ነበር። በቃህ አልኩት፤ ትንሽ ብናኝ ቀርታለች እያለ እፍ ይላል።»

መልሱን አገኘሁ። ያን ጊዜ የሽቦ ጉዞ ትዝ አለኝና ነጠላ ጫማዬ እየተንሸራተተ ወደ መኪና መናኸሪያው ሮጥኩ። የጭነት መኪኖቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ዘይት የጠጣ አፈር ብቻ ነበር። ሽቦ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ቦርሳው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ልጄስ?»

ዓይኔን ማየት አቃተው። «እናቴ ከመኪናው ጎማ ሥር ተኛች፣ እማማ። ጎትተው ሊያነሷት አልቻሉም። እኔ ወረድኩ። እሱ... ቦታው ባዶ ነው፣ እኔ ልግባ አላቸው።»

«አባቱ ሆን ብሎ አይደለም እኮ!» አልኩት፤ እሱ ልጄ የሆነ ይመስል።

ባለቤቴ ከመንገዱ ማዶ እየሮጠ ሲመጣ አየሁት። ኮቱን በእጁ ይዞታል። ስንተያይ መኪናው መሄዱን ከፊቴ አወቀና ሩጫውን አቆመ።

ሊሄድ የነበረው ሽቦ ቀረ። ሊቀር የነበረው ልጄ በእሱ ቦታ ሄደ።