የዝሆን እቁብ

መምህር እንዳለው አራተኛውን የእንጨት ዝሆን አቡጀዲው ላይ ሲያቆም መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ጭራቸውን አነሡ። መሪጌታ ጭራቸውን አነሡ ማለት ደግሞ ሊሄዱ ነው ማለት ነው።

"የኔታ፣ ገና መች ተጀመረና" አለች ሃያት።

"አልቋል እንጂ ልጄ። አራት ዝሆን ቆሞበት የኔ በቆሎ ምን ሊሆን ነው? ቆሎ?"

ሃያት ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። እሁድ ከሰዓት ግን የሱቋን በር ገርበብ ታደርግና ከጓዳው ራሷ የፈጠረችውን የጦርነት ጨዋታ ትዘረጋለች። ወንዙም ኮረብታውም አቡጀዲ ላይ ተሥሏል። ተጫዋቹ ከካርቶን በተቆረጠ የጨዋታ ብር ሠራዊት ይገዛል፤ በቆሎው እግረኛ ነው፣ ባቄላው ፈረሰኛ። ዝሆን ከሁሉ ውድ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይረግጣል። ሃያት ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ በሜትር ስትለካ የምትናፍቀው ይህችኑ እሁድ ነው። ተጫዋቾቹ ሦስት ብቻ ናቸውና አንዱ ከቀረ ጨዋታው ፈረሰ።

ከእንጨት የተጠረበው ዝሆን ድሮ አንድ ነበር። የቡሬው የስፖርት መምህር እንዳለው ግን እሁድ በመጣ ቁጥር እያሸነፈ የጨዋታ ብሩ ሲትረፈረፍ ደንቡን አገላብጦ አየው። ዋጋ እንጂ ብዛት አልተወሰነበትም። ቡሬ ካለ አናጢ ሦስት ዝሆን አስጠርቦ ከች አለ።

"ከፍዬ ነው የገዛሁት" አለ እንዳለው። "ደንብ ጣስኩ?"

"አልጣስክም" አለች ሃያት። "ዋጋውን እጥፍ አደርገዋለሁ።"

"አድርጊው። ብሩ እንደሆነ ያለው እኔ ጋ ነው።"

እውነቱን ነው። ዋጋው በተወደደ ቁጥር ዝሆኑ የሚርቀው ከእሷና ከመሪጌታ እንጂ ከእንዳለው አይደለም።

መሪጌታ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሳይዘርፉ አይወጡም።

"ብርቅ ነው ያላችሁትን በብር ሸጣችሁት" አሉ። "ከብርቅ ላይ ብር ሲነሣ የምትቀራችሁ 'ቅ' ናት። በሉ እሷን ይዛችሁ ተጫወቱ።"

እንዳለው ሳቀ። ሃያት ግን ቃሉ ጆሮዋ ላይ ቀረ። ብር ስለበዛ ብቻ የማይገኝ ምን አለ? ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ ሴቶች ጋር የምትጥለው እቁብ ትዝ አላት። እዚያ ያላትም የሌላትም እኩል ትጥላለች፤ ዕጣ የወጣላትም ዙሩ እስኪያልቅ ደግማ አትበላም።

"ይቆዩማ የኔታ" አለች። "ዝሆን አይሸጥም። እቁብ ይሁን። ዝሆኑ አንድ፣ ሁላችን እኩል እየጣልን፣ በየእሁዱ ዕጣ። የበላ ሰው ሌላው ሳይበላ አይደግምም።"

መሪጌታ ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "የቡሬዎቹስ?"

"ሦስቱም ወደ ሣጥን።"

እንዳለው ሦስቱን ዝሆኖች አንድ በአንድ ሣጥን ውስጥ ከተተ፤ የድሮውን ሃያት ፊት አቆመው። ዝሆን ካለኝ ፈረስ ምን ያደርግልኛል ብሎ ፈረሰኞቹን ሁሉ ሸጦ ኖሮ አቡጀዲው ላይ የቀሩለት ጥቂት በቆሎዎች ብቻ ናቸው።

"እኔ እንግዲህ መኪና ሳይጠፋ ቡሬ ልግባ" አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

ሃያት አንዱን ስታስቀር ሌላውን ልታጣ ነው። ለዕጣው ወረቀት መቅደድ ስትጀምር መሪጌታ ከለከሏት።

"ዕጣ ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው የዳኛ ነው፤ የእቁብ ወጉ ነው። ዳኛዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።"

ሃያት ዝሆኑን በመዳፏ ያዘችው። ጨዋታውን ከፈጠረች ጀምሮ አንድም ቀን የእሷ ሆኖ አያውቅም፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ቀና ስትል እንዳለው የቦርሳውን ዚፕ ይዘጋል። ዝሆኑን ወስዳ በቆሎዎቹ መሃል አቆመችለት።

"ተራዬን ለቅቄልሃለሁ" አለችው። "የቸገረው ይቅደም፤ ይሄም ወግ ነው። እኔ መጨረሻ እበላለሁ።"

እንዳለው ዝሆኑን አየ፤ እሷን አየ፤ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። መሪጌታም ጭራቸውን የግድግዳው ምስማር ላይ ሰቅለው ወንበራቸውን ሳቡ።

"በል ንዳው" አሉ፣ በቆሎአቸውን በሁለት ረድፍ እየደረደሩ። "አንዱንማ አልፈራውም።"