እሷም እንድትሰማ የተገዛ ስፒከር

በያጁ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ውስጥ የገባው የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ነው። ሸሚዙን የብየዳ ብልጭታ በሳስቶታል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት በሳሙና የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ሻጩ የመደርደሪያ እግር ሊጠግን የተላከ ሰው መስሎት ወደ ጓዳው ጠቆመው። በያጁ ግን ከጓዳው ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም። ቤቱ ውስጥ አንድ ዘፈን ሠርቶ መጨረስ እንደሚፈልግ፣ ላፕቶፕ እንዳለው፣ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራምም እንዳስጫነ፣ አሁን የቀረው በምን እያዳመጠ እንደሚሠራ መምረጥ ብቻ መሆኑን ነገረው። ሻጩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወንበር ሳበለት።

ይህ ሻጭ ድሮ ኪቦርድ ይጫወት የነበረ፣ አሁን ግን ሌሎች የሚጫወቱበትን ሲሸጥ የሚውል ሰው ነው፤ ስለዚህ ጨዋታ አያልቅበትም። ለጀማሪ የጆሮ ማዳመጫ እንደሚሻል አስረዳው። ክፍሉ ቢጠብ፣ ግድግዳው ቢያስተጋባ፣ ጎረቤት ቢቆጣ ማዳመጫ ምን ገዶት፤ ዘፋኙ ምራቁን ሲውጥ እንኳ ያሰማል አለው። የስቱዲዮ ስፒከር ደግሞ ድምፁን አየር ላይ ያወጣዋል፣ ጆሮ አያደክምም፤ ግን ክፍሉ ካልተስማማው ይዋሻል። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ አንድ ዘፈን መረጠና በሁለቱም አሰማው።

በያጁ ማዳመጫውን አጠለቀ፣ አወለቀ። በስፒከሩ ሰማ። ደግሞ አጠለቀ። ልዩነቱ አልገባ አለው። ሁለቱም ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ሰው ነው የሚያሰሙት። ምርጥ የተባለው ዕቃ ይህን ካሰማ እንግዲህ ሙዚቃ ማለት ይኸው ነው ብሎ ተቀበለ። ሻጩ ጀርባውን ሰጥቶት ገመድ እየፈታ አንድ ነገር ጠየቀው፤ በያጁ ዝም አለ። ሻጩ ዞሮ ሲደግምለት ነው የመለሰው። ሻጩ፣ በያጁ የናቀው መስሎት፣ ትንሽ ቅር አለው። የጠየቀው አብሮት የሚያዳምጥ ሰው ይኖር እንደሆነ ነበር።

«ባለቤቴ» አለ በያጁ። «ዘፈኑ የሷ ነው።»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ድምፅ ነበራት፤ ያውም የስፌት መኪና የማይሸፍነው ድምፅ። ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ አለቃዋ ዝም እንድትል ሊነግራት ይመጣና ቆሞ ሰምቷት ይመለስ ነበር ይባላል። ራሷ የገጠመቻቸው ዘፈኖች ነበሯት፤ አንዱን ግን ለእሱ ብቻ ነበር የምትዘፍነው፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ፣

መስኮቱን አትዝጋው፣ ገርበብ አርገህ ተወው፣
ከመንገድ ስትገባ ድምፄን እንድትሰማው።

ከዚያ ጉሮሮዋ ታመመ። ሐኪሞቹ ዙሪያውን ሲዞሩ ከርመው በመጨረሻ እውነቱን ነገሯት፤ ነፍሷን ለማዳን ድምፅ ማውጫዋ መውጣት አለበት። እሷ አላለቀሰችም። እሱ ግን በየጥጉ እየተደበቀ አለቀሰ። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ማይክሮፎን ተውሶ መጣ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣትና ያንን ዘፈን ቀዳት። አንዴ ዘፈነችው። እንድትደግምለት ሲለምናት ጉሮሮዋን ይዛ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ከዚህች ሴት ድምፅ ምድር ላይ የቀረው ያ ብቻ ነው፤ እሱም ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው።

ከሆስፒታል ስትወጣ ቤቱ ጸጥ ይላል ብለው የፈሩላቸው ብዙ ነበሩ። ሰው ምን ያውቃል። በያጁ ዕድሜውን የፈጀው ብረት መሞረጃው ግራይንደር ሲጮህ በሚውልበት ወርክሾፕ ነው፤ እዚያ ነገር የሚገባው በከንፈር ነው። ከወርክሾፑ ማዶ የቆመ ሰው ከንፈሩን አንቀሳቅሶ መዶሻ ከጠየቀው መዶሻውን፣ ከሰደበውም ስድቡን ሳያዛንፍ ይቀበላል። ስለዚህ ሚስቱ ያለ ድምፅ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስለት አንድ ቃል አያመልጠውም ነበር። ይቀላለዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ጎረቤት ያማሉ። ሐኪሙ እንኳ ጉድ ብሎላቸዋል።

ግን ማንም ያላሰበው ነገር ነበር። ሥራ ቦታ የሚያናግረው ከንፈር፣ ቤትም የሚያናግረው ከንፈር። ይህ ሰው ጆሮው ጥሎት ቢሄድ ማን ይነግረዋል?

ስፒከሩን የመረጠው በራሱ ምክንያት ነው። ለሻጩም አልደበቀውም። ማዳመጫ ካጠለቀ ሚስቱ ከደጅ ትቀራለች፤ ጠርታ አታቋርጠው ነገር ድምፅ የላትም። ዘፈኑ የሷ፣ ጆሮዋም ከእሱ ጆሮ የተሻለ፤ ሥራውን አብራው ትስማው፣ ሲያበላሽ ታርመው። ሻጩ ምክንያቱ ልቡን ነክቶት ገመዱን ከራሱ ጨምሮ ሰጠው።

ያን ሰሞን በያጁ ሌላ ሰው ሆነ። ከሥራ እንደገባ እጁን ይታጠብና ስፒከሮቹ መሃል ይቀመጣል፤ ሚስቱ በሚቀጥለው ክፍል መኪናዋ ላይ ታቀረቅራለች፣ በሩ ክፍት ነው። የኪቦርድ ድምፅ አለበሰላት፣ ከበሮ አገባላት። የእሷ ድምፅ ግን አሁንም አሁንም የታፈነ መሰለው። ፕሮግራሙ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ መስመር አለ፤ እሱን ሽቅብ ገፋው። ትንሽ ጠራለት። በማግስቱ ሲሰማው እንደገና የደበዘዘ መሰለው፤ እንደገና ገፋው። በገፋው ቁጥር ሴቭ ያደርጋል፣ እዚያው መጀመሪያ የቀዳው ላይ። በር ሊበየድ ሲመጣ በያጅ ሁለተኛ በር ሠርቶ አያስቀምጥም፤ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ ይሞርዳል፣ ያው በሩ ተሠርቶ ይወጣል። ሙዚቃ ከዚህ ይለያል ብሎ የነገረው የለም፤ እሱም የሚጠየቅ ነገር አልመሰለውም።

አንድ ቀን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ባለው የድምፁ ምስል፣ በስንኝና በስንኝ መሃል ጥቃቅን ጉብታዎች አየ። ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ፤ ምንም የለም። ምንም የማይሰማበት ቦታ ላይ ምስሉ ጉብ ካለ፣ እሱ የሚያውቀው ነገር አንድ ነው፤ ብየዳ ሲያልቅ ጠርዝ ላይ የሚቀር ትርፍ ብረት። አንድ በአንድ ለቅሞ ቆረጣቸው። ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር፣ እያፏጨ ነው የሠራው።

«እንዴት ነው፣ ሆዴ?» ይላታል በሩ ላይ ቆሞ።

«ጥሩ ነው» ትለዋለች በከንፈሯ፤ ፈገግም ትላለች።

መስኮቱን መዝጋት ጀመረች፤ ብርድ ነው አለችው። ሻሿንም ጆሮዋን እስኪሸፍን ዝቅ አድርጋ ማሰር ለመደች፤ ያምርባታል ብሎ ዝም አለ። ዐይኑ እያየ አላየም። ያዩትን ሁሉ የሚያስተውሉ ቢሆን ኖሮ ባሎች ሁሉ ጠቢብ በሆኑ ነበር።

ዘፈኑ አለቀ ሲል በፍላሽ ይዞ ሻጩ ዘንድ ሄደ። የፈለገው ምርቃት ነው፤ እንዲህ አድርገህ አጠናቀቅኸው መባል። መደብሩ ውስጥ ጊታር የምትመርጥ አንዲት ደንበኛ ነበረች። ሻጩ ፍላሹን ሰካና ከፈተው። ሴትዮዋ ጊታሩን ለቅቃ በሁለት እጇ ጆሮዋን ያዘች። ሻጩም ዘሎ ድምፁን ቀነሰ፤ ስፒከሩ የተበላሸ መስሎት ሌላ ቀየረ፤ ያው ነው። በያጁ በተራ ያያቸዋል። ለእሱ ሚስቱ እየዘፈነች ነው።

«ጋሼ፣ ዋናው የት አለ?» አለው ሻጩ፣ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ።

«ይሄ ነው ዋናው።»

«አይ፣ መጀመሪያ የቀዱት። ምንም ያልነኩት።»

«እሱን ነው የሠራሁት። ይኸው።»

ሻጩ የድምፁን ምስል ስክሪን ላይ አውጥቶ አየው። ቀስ ብሎ በስንኝና በስንኝ መሃል መኖር የነበረበት ጉብታ የት እንደገባ ጠየቀው፤ በያጁ ቆሻሻ ስለነበር እንደቆረጠው ነገረው። ሻጩ ቆሻሻ እንዳልነበረ ነገረው። ሰው ሲዘፍን በስንኝ መሃል ይተነፍሳል፤ የቆረጠው ትንፋሿን ነው። የቀረው ቃሏም ከልክ በላይ ከመጎላቱ የተነሳ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል፤ ቢቀንሱት ይቀንሳል እንጂ የተቃጠለው አይመለስም። ያም ሆኖ እስኪ ልሞክር ብሎ ሲታገል ዋለ። የወጣው ከወረቀት ጀርባ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው፤ የሴት መሆኑ ይታወቃል፣ የማን መሆኑ ግን አይታወቅም።

ከዚያ ሻጩ አንድ ነገር ጠርጥሮ በየደረጃው እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ከፈተና፣ እስከሰማው ድረስ እጁን አንስቶ እንዲቆይ ነገረው። በያጁ እጁን አነሳ። ብዙም ሳይቆይ አወረደ፤ ያለቀ መስሎት። ቀና ሲል ግን የሻጩ ጣት ገና እየገፋ ነው፤ ሴትዮዋም እንደገና ጆሮዋን ይዛለች። በያጁ የሴትዮዋን እጆች ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። ያኔ ነው የገባው። ሰማይ ተደፋበት ማለት ይቀላል፤ እሱ የተሰማው ግን እፍረት ነው፤ ሰው ፊት ራቁቱን የቆመ ያህል አፈረ።

ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። መኪኖቹ በአጠገቡ ሲያልፉ ምን ያህሉን እንደሚሰማና ምን ያህሉን እንደማይሰማ ለመገመት ይሞክር ነበር። አይቻልም። የማይሰሙትን ነገር እንዴት ይቆጥሩታል። እንድታርመኝ ብዬ ነበር፣ እያለ ብቻውን ያጉረመርማል፤ ለዚህ ብዬ ነበር ያንን የገዛሁት።

ሚስቱ የአንዲት ሴት ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በስስ ወረቀት ልክ እየቆረጠች ነበር። ሲገባ ፊቷ በራ፤ ምን አሉህ የሚል ጥያቄ ገና ከንፈሯ ላይ ነበር። እሱ ግን አልመለሰላትም። ቀርቦ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ በቀስታ ገለጥ አደረገው። ጥጥ ነበር። በሌላኛውም ጆሮዋ ጥጥ ነበር፣ በደንብ የተጠቀጠቀ፣ በየቀኑ የሚደረግ ነገር እንደሚደረገው። በጣቱ አወጣውና መዳፉ ላይ ያዘው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዐይኗን ሰበረች። ከዚያ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ከጅምሩ ነው አለችው።

«ስፒከሩን የገዛሁት ለምን እንደሆነ ታውቂ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?»

መቀሱን አስቀመጠች። ሻሿን ወደ ቦታው ልትመልስ አሰበችና ተወችው። እጁን፣ ጥጡን ከነያዘ፣ በሁለት እጇ ያዘች። ከታመመች ወዲህ ሲስቅ ያየችው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብቻ መሆኑን ነገረችው። እያፏጨ ሲሠራ ሆዷ ይባባ እንደነበር፣ ነገ እነግረዋለሁ እያለች ነገ ሲመጣ እንደሚያቅታት፣ የእሱን ደስታ ከምትቀማ ጆሮዋ ቢታመም እንደመረጠች ነገረችው። እንዲህ ስትለው ፊቷ ላይ ጥፋት የሠራ ሰው ስሜት አልነበረም፤ ያዘነችው ለእሱ ነው። ደግሞም አልተጨነቀችም። ከጠረጴዛው ላይ ያንን ስስ ወረቀት አንስታ አሳየችው፤ ጨርቁ ቢበላሽ ሌላ ጨርቅ በእሱ ልክ የሚቆረጥበትን ወረቀት። ልብስ ሰፊ ምንጊዜም ልኩን አስቀምጦ ነው መቀስ የሚያነሳው።

«ዋናውን አስቀምጠኸዋል አይደል?» አለችው በከንፈሯ።

በወርክሾፑ ጩኸት መሃል አንድ ቃል አምልጦት የማያውቀው፣ ከታመመች ጀምሮ አንዴም ድገሚልኝ ብሏት የማያውቀው ሰው፣ መዳፉ ላይ ያለውን ጥጥ እያየ፣

«አልገባኝም» አላት። «ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ቀና ብሎ እንዲያያት አገጩን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ሳትሰለች፣ ፈገግ ብላ፣ ከንፈሯን ከወትሮው ቀስ እያደረገች ደገመችለት።