ዝምድና ወይም ጥል

የመምህራን የትምህርት ማስረጃ ሊጣራ ነው የተባለ ጊዜ ሩት ቸርነትን ያህል ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ወልቂጤ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለች። ኮርጆ ያለፈውንም፣ በዘመድ የገባውንም ለይታ ታውቃለች። «እሰይ! ስንዴው ከእንክርዳዱ ይለያል» ብላ በመምህራን ክበብ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናግራለች። በሳምንቱ ስሟ ከእንክርዳዱ ጋር ተለጠፈ።

ጥፋቷ አንድ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቷ ላይ የተጻፈው ስም ዘርፈሽዋል ቸርነት ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ያለው ወረቀት ሁሉ፣ ዲፕሎማውም ዲግሪውም መታወቂያውም፣ ሩት ቸርነት ይላል። አባቷ ጌታን ተቀብለው ቤተሰቡን ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ይዘው የመጡት በ1984 ክረምት ነበር። መስከረም ሲጠባ ልጃቸውን አዲሱ ትምህርት ቤት ያስመዘገቧት በአዲስ ስም ነው። የድሮው ስም ከድሮው ኑሮ ጋር ይቅር አሉ። መዝጋቢውም የሚያውቃቸው ሰው ስለነበር እሺ ብሎ ጻፈ፤ ያኔ ነገሩ እንደዚህ ቀላል ነበር።

አጣሪው ልጅ ጨዋ ነው። «ቲቸር፣ እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም። ወረቀቱ ግን የሌላ ሰው ነው የሚመስለው» አላት። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ በአንድ ወር ውስጥ ካላመጣች፣ በሰው ማስረጃ እንደተቀጠረች ተቆጥሮ ትሰናበታለች። ሩት እንጀራው አላስጨነቃትም ማለት ውሸት ነው። የበለጠ ያስጨነቃት ግን ያስተማረቻቸው ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋት የሚያወሩት ነገር ነበር።

ፍርድ ቤት አጎቷን ጋሽ ጌታቸውን ይዛ ቀረበች። ዳኛዋ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ዘመድ ለዘመዱ መመስከሩ ያለ ነው። ዘመድ ያልሆነ፣ በልጅነትዎ በዚህ ስም የሚያውቅዎት ሰው ያቅርቡ» ብለው ለአሥራ አምስት ቀን ቀጠሩ። ሩት የቡታጅራ መምህሮቿን አንድ በአንድ አሰበች፤ ሁሉም አፈር ለብሰዋል። አብረዋት የተማሩትን አሰበች፤ ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ዐረብ አገር ነው። ቡታጅራ የቀረች አንዲት ሰው ነበረች። እሷን ደግሞ ሠላሳ ሦስት ዓመት አላነጋገረቻትም።

ተናኘወርቅ ትባላለች። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል። ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚሄዱት ወደ ተናኘወርቅ አባት ወፍጮ ቤት ነበር፤ የእህል ጆንያ ላይ ተጋድመው የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ሲደክማቸው እዚያው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አንዷን የጠራ ሁለቱንም ጠራ ነበር የሚባለው።

የተለያዩበትን ምክንያት ሩት ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የተናኘወርቅ አባት ጋሽ ይታገሱ ያረፉ ጊዜ፣ አርባቸው ሲወጣ፣ ሩት ከወልቂጤ ብቻዋን ተሳፍራ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዛ ሄደች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ተናኘወርቅ ጥቁር ለብሳ በር ላይ ቆማ፣ «የጴንጤ እግር እዚህ ግቢ አይረግጥም» አለቻት። ሩት ስኳሩን እንደያዘች ተመለሰች። ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት ሦስት ጊዜ ተናግራዋለች። ባወራችው ቁጥር በሩ እየከበደ፣ ስኳሩም እየጨመረ መጥቶ መጨረሻ ላይ አምስት ኪሎ ደርሷል።

ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ በአገና በኩል ቡታጅራ ገባች። ወፍጮ ቤቱ እዚያው ከገበያው ጀርባ ነው። የበርበሬው ወፍጮ እየሠራ ስለነበር በር ላይ የቆሙት ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ያስነጥሳሉ። ሚዛኑ አጠገብ አንዲት ደልደል ያለች ሴት ቅንድቧ ድረስ ቀይ ዱቄት ለብሳ ቆማለች።

«ስንት ኪሎ ነው?» አለች ቀና ሳትል።

«ላስፈጭ አይደለም። ተናኜ፣ እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየቻት። አስተያየቷ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነበር። አፏ ግን፣ «እርስዎ ማን ነዎት?» አለ።

«ሩት ነኝ።»

«ሩት የምትባል ሰው አላውቅም።»

ሩት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ በርበሬውም ነበረበት። «ዘርፌ ነኝ» አለች። ወልቂጤ ከገባች ወዲህ በዚህ ስም ራሷን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

«እህ! ዛሬ ትዝ አለሽ?» አለች ተናኘወርቅ። ሚዛኑን ለአንዲት ሠራተኛ ትታ ወደ ኋላው ክፍል መራቻት።

ሩት የመጣችበትን ጉዳይ ስትዘረዝር ተናኘወርቅ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «ቆይ እስቲ፣ በደንብ ይግባኝ። አንቺ የኔ አይደለም ያልሽውን ስም፣ የሷ ነው ብዬ እኔ መጽሐፍ ልምታልሽ?»

«መቼ ነው የኔ አይደለም ያልኩት?»

«ወልቂጤ መናኸሪያ። ከአዲሶቹ ጓደኞችሽ ጋር የተጠበሰ በቆሎ ትበያለሽ። ዘርፌ ብዬ ተጣራሁ። አንዷ ልጅ ማንን ነው አለችሽ። እኔን አይደለም ብለሽ ጀርባሽን ሰጠሽኝ። ሦስት ጊዜ ነው የጠራሁሽ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ።»

«አልሰማሁም ይሆናላ! መናኸሪያ ነው፤ ጡሩምባው፣ ወያላው… ደግሞስ ብሰማና ብቀየምሽ ይፈረድብኛል? ከበርሽ ላይ እንደ ውሻ አባረሽኝ የለም እንዴ? የጴንጤ እግር አይረግጥም ብለሽ?»

«የምን በር?»

«የአባትሽ ተዝካር ቀን!»

«ያን ቀን የወረዳው ሰው በሙሉ ነው የገባው። ማን ገባ ማን ወጣ የማይበት ዓይን አልነበረኝም።» ተናኘወርቅ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ደግሞ አታምታቺው። መናኸሪያው ነው የሚቀድም።»

«ተዝካሩ ነው የሚቀድም!»

«መናኸሪያ የነበርኩት ከአባቴ ጋር ነው፣ ዘርፌ። ከሞተ በኋላ ወልቂጤ ይዞኝ የሄደ ይመስልሻል?»

ሩት ቦርሳዋን አነሳች። ችሎቱ ማክሰኞ አራት ሰዓት መሆኑን ብቻ ተናግራ ተነሳች። ተናኘወርቅ እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። «ወፍጮው ሰው ይፈልጋል» ብላ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች።

በመመለሻዋ ሩት ከአጠገቧ ለተቀመጡት ሰዎች እስኪያስታውቅ ድረስ ከራሷ ጋር ስትሟገት ነበር። ይቺ ሴት ታሪክ ፈጠረች። የራሷን ጥፋት ለመሸፈን መናኸሪያ ፈጠረች፣ በቆሎ ፈጠረች። አገናን አለፍ እንዳሉ ሚኒባሷ ተሳፋሪ ለማውረድ ቆመች፤ ያኔ ነው የወፍጮው ቀበቶ ድንገት ትዝ ያላት። ጋሽ ይታገሱ መናኸሪያው ውስጥ ቆመዋል። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዘውን ረጅሙን ጥቁር ቀበቶ፣ ገና አዲሱን፣ እንደ ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጥለውታል። ቀበቶ ሊገዙ ነበር የመጡት።

ተናኘወርቅ ስለ ቀበቶ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጀርባውን የሰጠ ሰው ደግሞ ይህን አያይም።

ሩት አፈረች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም። ሰምታ ነበር። ዞራ አይታም ነበር። አዲሶቹ ጓደኞቿ ሩት ብለው ካወቋት ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር፤ የድሮ ስሟን ሰምተው ይስቁብኛል ብላ ፈራች፤ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የበሩን ነገር እንደ ስለት ስታስታውስ ኖራ መናኸሪያውን ከነቀበቶው ቀብራው ኖሯል።

የወፍጮ ቤቱ ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ በቀለም ስለተጻፈ መዝግባው መጥታለች። እሑድ ሁለት ጊዜ ቁጥሩን መታ መታ አድርጋ ተወችው። ምን ልትል? አሁን ይቅርታ ብትላት ለምስክርነቱ የተሰጠ ጉቦ ይመስላል።

ማክሰኞ ጠዋት የፍርድ ቤቱ ኮሪደር በባለጉዳይ ተሞልቷል። ሩት አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አልመጣችም። አራት ሰዓት ካምስት ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ገብታ ሰላምታም ሳትሰጥ የወንበሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሩት እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

የችሎቱ ሠራተኛ ብቅ ብሎ ሁለቱም ስሞች የሰፈሩበትን መዝገብ አየና፣ «ዘርፈሽዋል ቸርነት!» ብሎ ተጣራ። ሩት ዓይኗን በሩ ላይ እንደተከለች ቁጭ ብላለች። «ዘርፈሽዋል ቸርነት!» አለ ደግሞ፣ እየተናደደ።

«ኧረ አንቺን ነው» አለች ተናኘወርቅ ከወዲያኛው ጫፍ።

ዳኛዋ ወጣት ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ መዝገብ ተከምሯል። ተናኘወርቅ ማለች። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ሥራዋን ተናገረች።

«ከአመልካቿ ጋር ዝምድና አለዎት?»

«የለኝም።»

«ጥልስ?»

ይህ ጥያቄ ለወጉ የሚጠየቅ ነው። ሁሉም ሰው የለኝም ይላል፤ ጸሐፊዋም መልሱን ሳትሰማ ቀድማ መጻፍ ጀምራ ነበር።

«አለኝ» አለች ተናኘወርቅ።

ጸሐፊዋ እጇን ከጽሑፉ አነሳች። የተጣላ ሰው ምስክርነት ዋጋ የለውም ብለው ያስወጧታል፤ በቃ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ እዚህ ጋ አለቀ አለች ሩት በልቧ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «የምን ጥል ነው?»

«በስሟ ጠርቻት አልዞር አለችኝ።»

«በየትኛው ስም?»

«በዘርፈሽዋል ነዋ! ሌላ ምን ስም አውቅላታለሁ? ስምንት ዓመት አብሬያት ስማር ዘርፈሽዋል ነበረች። ወልቂጤ በገባች በወሯ ከአባቴ ጋር መጥቼ መናኸሪያ አገኘኋትና ጠራኋት፤ እኔን አይደለም አለች። ክብርት ዳኛ፣ ይቺ ሴት ዘርፈሽዋል ካልሆነች፣ እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀየምኩት ማንን ነው?»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረጉና ወደ ሩት ዞሩ። «አመልካች፣ ይህ ነገር ተፈጽሟል?»

ሩት ተነሳች። አልሰማሁም ማለት ትችል ነበር፤ ስትለው የኖረችው ነው። «ተፈጽሟል» አለች። «ሦስት ጊዜ ነው የጠራችኝ። አባቷ የወፍጮ ቀበቶ ትከሻቸው ላይ አድርገው አጠገቧ ቆመው ነበር። ሰምቻለሁ። ዞሬ አይቻታለሁ። አይቻት ነው ጀርባዬን የሰጠኋት።»

ተናኘወርቅ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት።

ዳኛዋ ብዙ አልቆዩም። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ከመዝገብ ቤት ይወሰድ አሉና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ።

ውጭ የፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ላይ ባጃጆች ተሰልፈዋል። ሁለቱ ሴቶች እስከዚያ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ።

«ቀበቶውን እኔ አልነገርኩሽም» አለች ተናኘወርቅ።

«አልነገርሽኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ተናኜ።»

«እሺ» አለች። እሺታዋ አጭር ቢሆንም ከልቧ ነበር። ነጠላዋን አጣፋች፤ ባጃጅ ጠራች። አንድ እግሯን ባጃጁ ውስጥ አስገብታለች።

ሩት ልትተወው ፈልጋ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ግን ግማሹ የቀረ ስሌት አያስችለውም። «የበሩ ነገርስ?» አለች።

ተናኘወርቅ ከባጃጁ ወለል ላይ ዓይኗን አላነሳችም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እሱን በሌላ መዝገብ ክፈቺ» አለች። «ቅዳሜ ነይ። በጠዋት ይሁን፣ በርበሬው ሳይጀመር። ያኔ እኔም እምላለሁ።»